የበረዶ መጠለያ ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአማርኛ ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠርም፣ የረጋውን ውሃም፣ እንደ ባዘቶ ተንሳፍፎ የሚያርፈውንም «በረዶ» ብለን እናልፋለን። ነፍስ የሚያተርፈው የመጨረሻው ነው። አዲስ የወረደ ባዘቶ በረዶ አብዛኛው አካሉ አየር ስለሆነ ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም። ውጭው ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሆኖ በደንብ የተሠራ መጠለያ ውስጥ ግን ዜሮ አካባቢ ሊሆን ይችላል። ዜሮም ብርድ ነው፤ ነፋስ ከሌለና ልብስ ከደረቀ ግን ሌሊቱ ይታለፋል።

ልብስ ከደረቀ ነው ያልኩት። የመጀመሪያው ስህተት በችኮላ ቆፍሮ በላብ መጠመቅ ነው። ሥራው ሁለት ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ሲያበቃ ሰውነት ይቀዘቅዛል፣ ላቡ ግን ልብስ ላይ ይቀራል። ከመጀመርዎ በፊት አንድ ሁለት ልብስ አውልቀው በደረቅ ቦታ ያስቀምጡ፣ ቀስ ብለውም ይሥሩ።

ቦታ ላይም ብዙ ሰው ይታለላል። ነፋስ የማይነካው የተዳፋት ሥር በረዶው ጥልቅ ስለሆነ ለመቆፈር ይጋብዛል። ነገር ግን ነፋሱ በረዶውን የሚከምረው እዚያው ከላይ ነው፤ የበረዶ ናዳ የሚበዛውም ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያዘነብል ተዳፋት ላይ ነው። ሜዳ ላይ በረዶ ከምሮ መቦርቦር ይሻላል።

የከመሩትን ወዲያው መቦርቦር ደግሞ ጣሪያውን በራስ ላይ መጣል ነው። የተነካካ በረዶ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ እስኪያያዙ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ቢቻል ከዚያም በላይ ይጠብቁ። 30 ሳንቲሜትር ያህል ቀጫጭን እንጨቶች ቆርጠው በክምሩ ዙሪያ እስከ ጫፋቸው ይሰኩ፤ ከውስጥ ሲቆፍሩ የእንጨቱ ጫፍ ብቅ ካለ እዚያ ላይ ያቁሙ። አንዱ ሲቆፍር ሌላው አካፋ ይዞ ውጭ ይቁም። ጣሪያው ጠፍጣፋ ከሆነ ያንጠባጥባል፣ ይረግባልም፤ ጉልላት አድርገው ያለስልሱት።

በሩን ከመኝታው እኩል ወይም ከፍ አድርጎ መሥራትም የተለመደ ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው፣ ወደ ታች ይወርዳል። መኝታዎን ከበሩ አናት ከፍ ያድርጉት፤ ቅዝቃዜው እግርዎ ሥር ይቀራል። በረዶው ላይ በቀጥታ አይተኙ፤ ምንጣፍ፣ ቅርንጫፍ፣ ባዶ ሻንጣም ቢሆን ያንጥፉ።

ከሁሉም የምፈራው ግን የአየር ቀዳዳ መዝጋትን ነው። ብርዱ ሲጠና ቀዳዳ መድፈን ብልህነት ይመስላል። በትንፋሽ ሙቀት የግድግዳው ገጽ ቀልጦ ተመልሶ ሲጠጥር ደግሞ አየር ማሳለፉ እየቀነሰ ይሄዳል። በጣሪያው ላይ የጡጫ ስፋት ያለው ቀዳዳ ይብሱና በትር አስገብተው ይተዉበት፤ ሌሊት በነቁ ቁጥር ያወዛውዙት፣ አዲስ በረዶ ይደፍነዋልና። መጠለያው ውስጥ ምድጃ አያንድዱ። ከእሳት የሚወጣው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታም ቀለምም የለውም፤ «ሻማዬ እየበራ ነው፣ አየር አለ» ማለት ከእሱ አያድንም።

አካፋውን ይዘው ይግቡ፤ በሩ ሌሊት ቢቀበር መውጫዎ እሱ ነው። ከላይ ደግሞ ደማቅ ጨርቅ በረጅም እንጨት ይትከሉ። ከውጭ ሲያዩት መጠለያው ተራ ጉብታ ነው፤ ፈላጊዎ ሳያውቅ ጣሪያዎ ላይ ሊቆም ይችላል።