የሠርግ በጀት ከእንግዳ ቁጥር ይጀምራል

የሠርግ በጀት ስታወጡ አዳራሽ ከመምረጣችሁ በፊት የእንግዳውን ቁጥር ወስኑ። ከዚያ ወጪውን ለሁለት ክፈሉት፦ በሰው ልክ የሚጨምር (ምግብ፣ መጠጥ፣ ወንበር፣ የጥሪ ካርድ) እና እንግዳው በዛም አነሰም የማይለወጥ (ልብስ፣ ቀለበት፣ ፎቶና ቪዲዮ፣ ሙዚቃ)። ሒሳቡ ከአቅም በላይ ሲሆን 20 ሰው መቀነስ የመጀመሪያውን ክፍል ባንዴ ያወርደዋል፤ ከአበባ ላይ መቆጠብ ግን ብዙም አይታይም።

ለመነሻ ያህል፦ አዳራሽ፣ ምግብና መጠጥ 50 በመቶ፤ ፎቶና ቪዲዮ 10፤ ልብስና ቀለበት 10፤ ዲኮር 10፤ ሙዚቃ 5፤ መኪና፣ ካርድና ጥቃቅን ነገር 5። የቀረው 10 መጠባበቂያ ነው፣ አይነካም። ፎቶ የሚበልጥባችሁ ከሆነ ከዲኮሩ ቀንሳችሁ ጨምሩ፤ ከመጠባበቂያው ግን አይሆንም።

የበጀቱ ሠንጠረዥ አራት ዓምድ ይኑረው፦ ግምት፣ በውል የጸናው ዋጋ፣ የተከፈለ ቀብድ፣ ቀሪው ከነመክፈያ ቀኑ። ብዙ ሰው የመጨረሻዋን ይዘላታል። ቀሪ ክፍያ በአብዛኛው የሚጠየቀው ሠርጉ ሊደርስ ሲል ነው፤ ቀኑ ካልተጻፈ ሁሉም በአንድ ሳምንት ይደራረብና ገንዘብ እያለ እጅ ያጥራል።

ውል ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ዋጋው ታክስንና የአገልግሎት ክፍያን ያካትታል? ትርፍ ሰዓት በሰዓት ስንት ነው? ቀኑ ቢዛወር ቀብዱ ምን ይሆናል? ፎቶ አንሺዎቹና ሙዚቀኞቹም ይበላሉና ከምግብ ቁጥሩ ውስጥ አስገቧቸው። በስጦታ ይገባል ብላችሁ ያሰባችሁትን ገንዘብ ደግሞ እጃችሁ እስኪገባ ድረስ በበጀቱ አትጻፉት።