ስፖርት መኪናን ከጨው ማትረፍ፦ የበረዶ ወራት ሁለተኛ መኪና አመራረጥና አያያዝ

እዚህ ላይ የበረዶ ወራት የምንለው አስፋልቱ በረዶ ለብሶ መንገድ ጠራጊዎች በረዶውን ለማቅለጥ ጨው የሚበትኑበትን ጊዜ ነው። ስፖርት መኪናን የሚጨርሰውም በረዶው ሳይሆን ጨው ነው። በረዶ ሲቀልጥ ይሄዳል። ጨው ግን ከሞላው መቀመጫ፣ ከፍሬን ቱቦው ማሰሪያ፣ ከብሎኑ ጥርስ ተወሽቆ ብረቱን ሲበላ ይከርማል። መፍትሔው በእነዚህ ወራት ስፖርት መኪናውን አቁሞ በሌላ፣ ተራ በሆነ ሁለተኛ መኪና መንዳት ነው።

ተራው ጨው ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ወደ 10 ዲግሪ ሲደርስ አቅሙ ይደክማል። ስለዚህ በብዙ ቦታ ካልሲየም ክሎራይድ ወይም ማግኒዚየም ክሎራይድ ተበጥብጦ ይረጫል። እነዚህ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባሉ፤ ፀሐይ ወጥታ መንገዱ የደረቀ ሲመስል የመኪናው ሆድ እንደረጠበ ይውላል። ስፖርት መኪና ላይ ነገሩ የሚብሰው ክብደት ለመቀነስ ሲባል ብዙው አካል ከአሉሚኒየም ተሠርቶ በብረት ብሎን ስለሚታሰር ነው። ሁለቱ በጨው ውሃ ሲገናኙ እንደ ባትሪ ይሠራሉ፤ የሚበላው ደግሞ አሉሚኒየሙ ነው። ብሎኑ ዙሪያ ነጭ ዱቄት ካያችሁ መበላቱ ተጀምሯል። ከዓመታት በኋላ ያ ብሎን ሊፈታ ሲሞከር አይዞርም፣ ይሰበራል።

የቀረው ጉዳት ግልጽ ነው። ዝቅ ያለው የፊት ፓራውልት በረዶውን እንደ አካፋ እየዛቀ ይሰነጠቃል። የበጋ (ለሞቃት ወራት የተሠራ) ጎማ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሲወርድ እየጠጠረ መንገድ መያዝ ይተዋል፤ ለውድድር የቀረበው ለስላሳው ዓይነት በከባድ ብርድ ላይ ቢንቀሳቀስ ጭራሹን ሊሰነጠቅ ይችላል።

ለማን አይሆንም

መንገዳችሁ በዓመት ሁለት ሦስት ሳምንት ብቻ ጨው የሚያይ ከሆነ ሁለተኛ መኪና አትግዙ። ለስፖርት መኪናው አራት የበረዶ ጎማ ከነቸርኬው ግዙ፣ ሆዱን በመከላከያ ሰም አስቀቡ፣ በጣም የከፋውን ቀን በሌላ መጓጓዣ እለፉት። ሁለተኛ መኪና የሚያዋጣው ጨው ለወራት መንገድ ላይ ሲቆይና በየቀኑ መንዳት ግዴታ ሲሆን ነው።

ሒሳቡ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው መግዣውን ብቻ ስለሚቆጥር ነው። መግዣው በከፊል ሲሸጥ ይመለሳል። የማይመለሰው ኢንሹራንሱ፣ ዓመታዊ ግብሩ፣ የቴክኒክ ምርመራው፣ ጎማውና የማቆሚያ ቦታው ነው። የእነዚህን የ3 ዓመት ወጪ ደምሩ፣ በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል የሚጠፋውን ጨምሩ፣ ለ3 አካፍሉት። የወጣውን ቁጥር ስፖርት መኪናው በጨው ቢነዳ በዓመት ከዋጋው ከሚወድቀውና ከሚያስከትለው ጥገና ጋር አስተያዩ። የቆመውን መኪና የመንገድ ሽፋን አስቁመው የስርቆትና የእሳቱን ብቻ የሚያቆዩ ኢንሹራንሶች አሉ፤ ጠይቁ። ኢንሹራንሱን ጭራሹን ማቋረጥ ግን ሞኝነት ነው። የቆመ መኪናም ይሰረቃል፣ ይቃጠላል።

ሲገዛ ከሆዱ ይጀመራል

ለዚህ ሥራ የሚሻለው በፊት እግሩ የሚነዳ፣ መለዋወጫው በቀላሉ የሚገኝ፣ ጠባብ ጎማ የሚያስገባ ተራ የቤንዚን መኪና ነው። በአራቱም እግር የሚነዳ መኪና ለመነሳትና ዳገት ለመውጣት ይረዳል፤ ለመቆም ግን ቅንጣት አይጠቅምም። የሚያቆመው ጎማው ነው። ከዚያም በላይ ተጨማሪው ዲፈረንሻልና ዘንግ ዘይት የሚፈልግ፣ የሚዝግ ተጨማሪ አካል ነው። ቁልቁለት ዳገት ከሌለባችሁ ያን ገንዘብ ጎማ ላይ አውሉት። አጫጭር መንገድ ብቻ የምትነዱ ከሆነ ናፍጣ አትምረጡ፤ ሞተሩ በቅጡ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ የጥላሸት ማጣሪያው ይደፈናል።

የሄደበት ኪሎ ሜትር ብዙ አያስጨንቃችሁ። የተቧጨረ በርም ይሁን። የሚያስጨንቀው ዝገት ነው፤ ለምርመራው የእጅ ባትሪ፣ ካቻቪቴና በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት ይበቃል። ከበሩ ሥር ባለው ደፍ ጀምሩ። በካቻቪቴው እጀታ ከፊት ወደ ኋላ እያንኳኳችሁ ሂዱ። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ደግሞ እንደ ካርቶን ይደነቁራል። ማግኔቱ የማይይዝበት ቦታ ካለ ከቀለሙ ሥር ያለው ብረት ሳይሆን ስቱኮ ነው። ክሪክ የሚገባባቸውን አራት ቦታዎች በካቻቪቴው ጫፍ ጫን በሉ። ከገባ ያን መኪና ተዉት፤ ጎማ ለመቀየር እንኳ የሚነሳበት ቦታ የለውም።

ቀጥሎ የፍሬን ቱቦ። ከሞተሩ ክፍል እስከ ኋላ እግር ድረስ በባትሪ ተከተሉት፤ በተለይ ከሻንሲው ጋር የታሰረባቸውን ቦታዎች እዩ፣ ጭቃና ጨው የሚጠራቀመው እዚያ ነው። በጣት ሲጠረግ የሚለቅ ቡናማ ዝገት ችግር የለውም። ቅርፊት የሚጥል፣ ያበጠ ቱቦ ግን መቀየር አለበት። መዳብና ኒኬል ተቀላቅሎ የተሠራው ቱቦ ስለማይዝግ ሲቀየር እሱን አስገቡ፣ ወጪውንም ከመኪናው ዋጋ ላይ አስቀንሱ። የሞላውን የታችኛውን ዙር ደግሞ በእጃችሁ ዳብሱ። ጨውና ጭቃ ስለሚተኛበት የሚሰበረው እሱ ነው፤ የተሰበረው ቁራጭ መቀመጫው ውስጥ ተደብቆ ከውጭ ላይታይ ይችላል።

ሆዱ በሙሉ በአዲስ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ካገኛችሁት ሻጩን አመስግናችሁ ሂዱ። ለመሸጥ ሲባል ሆድ የሚቀባ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው።

ሻጩ ከመድረሳችሁ በፊት ሞተሩን እንዳያስነሳ ንገሩት፤ ስትደርሱ ኮፈኑን በእጃችሁ ንኩ። ከቀዝቃዛው ሲነሳ ሞተሪኖው ካዛጋ ባትሪው ወይም ራሱ ሞተሪኖው ደክሟል። ነድታችሁት ወደ 10 ደቂቃ ሲሆን የሙቀት መለኪያው መሀል መድረስ አለበት። ካልደረሰ የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ተከፍቶ ቀርቷል፤ ቀላል ጥገና ነው። ማሞቂያው ሲከፈት ጣፋጭ ሽታ ካለውና መስታወቱ ቅባት ያለው ጉም ከለበሰ ግን የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ያፈሳል፤ እሱን ለመቀየር ብዙ ጊዜ ዳሽቦርዱ በሙሉ ይወርዳል። ኤሲውንም ሞክሩት። በብርድ ኤሲ ምን ያደርጋል አትበሉ፤ አየሩን አድርቆ ከመስታወት ላይ ጉም የሚያነሳው እሱ ነው።

ጎማ

ከመኪናው ዋጋ ጋር ሲተያይ የበዛ የሚመስል ገንዘብ እዚህ ላይ ብታወጡ አትቆጩም። ጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና በውስጡ የበረዶ ቅንጣት የተሳለበትን ግዙ። «ኤም ፕላስ ኤስ» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ጎማው በበረዶ ላይ ተፈትኗል ማለት አይደለም። ያገለገለ ከሆነ ጥርሱ ከ4 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ፣ ዕድሜውም ከ6 ዓመት እንዳያልፍ። ዕድሜውን «ዲኦቲ» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት ቁጥሮች ይናገራሉ፤ 3522 ማለት በ2022 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። መኪናው ከሚቀበላቸው መጠኖች ጠባቡን ምረጡ፤ ጠባብ ጎማ የተቆለለውን በረዶ ሰንጥቆ ወደ ታች ይደርሳል።

አራቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ። ለፊት እግሮች ብቻ የበረዶ ጎማ ማስገባት ከሁሉ የከፋው ቁጠባ ነው፦ ፊቱ መንገዱን ሲይዝ ኋላው አይይዝም፣ መታጠፊያ ላይ ፍሬን ስትነኩ መኪናው በጭራው ይዞራል።

ከተቻለ ጎማዎቹን ርካሽ የብረት ቸርኬ ላይ አስገጥሙ፤ ያኔ በየወቅቱ ጎማ ከቸርኬ ማስወለቅ ይቀራል። ቸርኬው ከመግባቱ በፊት የሚያርፍበትን ፊት በሽቦ ብሩሽ አጽዱ። ዝገት መሀል ከገባ ቸርኬው ልክ አይቀመጥም፣ ብሎኑም ይላላል። ብሎኖቹን በኮከብ ቅርጽ እየተሻገራችሁ፣ የመኪናው መመሪያ በሚለው መጠን በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) አጥብቁ፤ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ደግማችሁ ፈትሹ። ነፋሱን ጠዋት፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ለኩ፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በወረደ ቁጥር ወደ 0.1 ባር ይቀንሳል።

ብርድ የሚፈትናቸው

ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ግማሽ በግማሽ ከውሃ ጋር ሲቀላቀል እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ አይረጋም። ንጹሑን ብሞላ ይበልጥ ይሻላል ማለት ስህተት ነው፤ ውሃ ያልገባበት ግላይኮል (የኩላንቱ ዋና ፈሳሽ) በ13 ዲግሪ ከዜሮ በታች አካባቢ ይጠጥራል። ባትሪው መኪናው አድሮ ሲለካ 12.6 ቮልት ከሆነ ሙሉ ነው፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ነው። በብርድ ጉልበቱ ስለሚቀንስ ግማሽ ባትሪ ጠዋት ላይ ያዋርዳል። ያለቀ ባትሪ ደግሞ ውስጡ በረዶ ሆኖ ሊሰነጠቅ ይችላል። መመሪያው ከሚፈቅዳቸው የሞተር ዘይቶች የመጀመሪያ ቁጥሩ አነስ ያለውን፣ ለምሳሌ ከ10ደብሊው ይልቅ 5ደብሊው ወይም 0ደብሊው አስገቡ፤ ሞተሩ እንደተነሳ ዘይቱ ወደየክፍሉ ቶሎ ይደርሳል። የመስታወት ማጠቢያውን የበጋ ውሃ አውጡና ብርድ የሚችለውን ሙሉ፤ ካልሆነ ቱቦው ውስጥ ይረጋል። የበር ጎሚኒዎችን ሲሊኮን ቀቡ፤ ካልተቀቡ ተጣብቀው ሲጎተቱ ይቀደዳሉ።

አካፋ፣ የባትሪ ማስነሻ ገመድ፣ ብርድ ልብስና አንድ ከረጢት አሸዋ ከኋላ ይኑር። በረዶ ውስጥ ተይዛችሁ ሞተሩን አስነስታችሁ የምትጠብቁ ከሆነ በመጀመሪያ የጭስ ማውጫውን በአካፋ ግለጡት። የተደፈነ ማርሚታ ጭሱን ወደ ውስጥ ያስገባል፤ የሚገድለው ጋዝ ሽታ የለውም።

ይህም መኪና ይዝጋል፤ የተገዛው ሊዝግ ነው ብላችሁ ብትተዉት ግን በሁለተኛው ዓመት ሌላ ትገዛላችሁ። በረዶው ከመግባቱ በፊት፣ ብረቱ ደርቆ ሳለ፣ ሆዱን ሰም ወይም ላኖሊን (ከበግ ፀጉር የሚገኝ ቅባት) ነክ መከላከያ አስረጩ። የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎች እንዳይደፈኑ ተጠንቀቁ። ሬንጅ መሳዩን ወፍራም ቅብ ዝገት ላይ አታስለጥፉ፤ ውሃውን ከሥሩ ይዞ ያበሰብሳል። ሙቀቱ ከዜሮ በላይ በወጣ ቀን፣ ቢያንስ በየ10 ቀኑ፣ ሆዱን በግፊት ውሃ እጠቡ፤ ከታጠበ በኋላ ፍሬኑ እንዲደርቅ እየነካካችሁ ጥቂት ንዱት። በጨዋማ በረዶ የተሸፈነ መኪና ሞቃት ቤት ውስጥ ማሳደር ደግ ይመስላል። በረዶው ቀልጦ ጨዋማ ውሃ ይሆናል፣ ሙቀቱም ዝገቱን ያፋጥናል፤ ውጭ ቢያድር ይሻለው ነበር።

ስፖርት መኪናውን ማስተኛት

ጨው ከመበተኑ በፊት ይታጠብ፣ ሆዱም ጭምር። በደንብ ይድረቅ፣ ሰም ይቀባ። ዘይቱ ከመቆሙ በፊት ይቀየር እንጂ ከቆመበት ሲነሳ አይደለም፤ ያገለገለ ዘይት ውስጥ ያለው አሲድና እርጥበት ኩሽኔታው ላይ ይከርማል። ታንከሩን ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ሙሉና የቤንዚን ማቆያ ጨምሩበት፤ ከዚያ ማቆያው እስከ ሞተሩ እንዲደርስ 10 ደቂቃ ያህል ንዱት። ጎማዎቹን ከተለመደው 0.5 ባር ጨምሩ፣ ጎኑ ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ መጠን ግን አትለፉ። የእጅ ፍሬኑን አትሳቡ፤ ሸራው ከብረቱ ጋር ይጣበቃል። ማርሽ አስገቡና ጎማውን በእንጨት ደግፉ።

ባትሪው ላይ በራሱ የሚቆምና የሚቀጥል ቻርጀር ሰክታችሁ ተዉት። ባትሪው ሊቲየም ከሆነ ለሊቲየም የተሠራውን ብቻ ተጠቀሙ። ልብሱ አየር የሚያስተላልፍ ጨርቅ ይሁን፤ ላስቲክ እርጥበት አፍኖ ቀለሙን ያበላሻል። አይጥ የሞተር ሽቦ ትቆርጣለች፣ አየር ማጣሪያው ውስጥም ጎጆ ትሠራለች። የጭስ ማውጫውን በድስት መፈተጊያ ሽቦ ድፈኑትና «ጭስ ማውጫው ተደፍኗል» ብላችሁ መሪው ላይ ለጥፉ።

በየሳምንቱ አምስት ደቂቃ እያስነሱ ማጥፋት የተለመደ ጥፋት ነው። ሞተሩ ሳይሞቅ ሲጠፋ በማርሚታውና በዘይቱ ውስጥ ውሃ ይቀራል። ወይ ደረቅ መንገድ ተገኝቶ ግማሽ ሰዓት ይነዳ፣ ወይ ጨርሶ አይነካ።

በረዶው ስለቀለጠ አትውጡ፤ ጨው አቧራ ሆኖ አስፋልቱ ላይ ይቀራል። ሁለት ሦስት ጊዜ ከባድ ዝናብ መንገዱን ሲያጥበው ጠብቁ። ሽቦውን ከጭስ ማውጫው አውጡ፣ የጎማዎቹን ነፋስ ወደ ተለመደው መጠን መልሱ፣ የፍሬን ዘይቱን እዩ። ዲስኩ ላይ የያዘው ቀጭን ዝገት በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀስታ ፍሬኖች ይጠረጋል፤ እስኪጠረግ ድረስ ከፊታችሁ ካለው መኪና ራቅ በሉ። የሁለተኛውን መኪና የበረዶ ጎማ በዚያው ሳምንት አውልቁ፣ ለስላሳ ስለሆነ ሙቀት ቶሎ ይጨርሰዋል። ሆዱን አጥባችሁ ሳታደርቁ ግን አታቁሙት፤ ሲሞቅ የቀረው ጨው ይበልጥ ይበላዋል።