አሮጌ የእንጨት ጀልባ ወደ ውሃ ሲመለስ

አባቴ ያወረሰኝ ጀልባ በዕድሜ ይበልጠኛል። ባሕር ዳር ዳርቻ ላይ ፋይበር ጀልባ ያላቸው ጓደኞቼ «ይሄን ነገር ለሙዚየም ስጠው» ይሉኛል። ይበሉ።

የእንጨት ጀልባ ለቀለም ተብሎ ወር ሙሉ የብስ ላይ ከቆመ ጣውላው ይደርቅና መጋጠሚያው ይከፈታል። መጀመሪያ ውሃ ሲገባ ታዲያ ያፈሳል። አትደንግጡ፤ በስቱኮ ለመድፈንም አትሩጡ። እኔ አንድ ዓመት ጠቅጥቄ ደፈንኩት። እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ስቱኮውን ተፍቶ አወጣው። አሁን ዳር ላይ አስሬ ሁለት ሌሊት አሳድረዋለሁ። አፉ የተቆረጠ የዘይት ጄሪካን ይዤ የገባውን ውሃ እየቀዳሁ እደፋለሁ። በሦስተኛው ቀን አብዛኛው በራሱ ይዘጋል። ያኔም የሚያፈስ ቦታ ካለ፣ መጋጠሚያው ውስጥ ጥጥ መጠቅጠቅ የሚፈልገው እሱ ነው።

ሞተሩ ሌላ ጣጣ ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር ጉልበት ያጣል፣ ነዳጁም በደንብ ስለማይቃጠል ካንዴላው ቶሎ ይጠቁራል። ትርፍ ካንዴላ ከኪሴ አይጠፋም። ሞተሩ ሲነሳ የሚያቀዘቅዘውን ውሃ ከጎኑ መትፋቱን እዩ። ካልተፋ ወዲያው አጥፉት፤ እምቦጭ አረም የውሃ መሳቢያውን ዘግቶት ይሆናል።

ወደ ዘጌ ከሆነ በጠዋት ውጡ፣ የመንሳፈፊያ ጃኬትም ልበሱ። የሐይቁ አማካይ ጥልቀት 9 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ተደራራቢና ቁጡ ነው። ያኔ የእኔ ሽማግሌ ሲጥ ሲጥ ይላል። እናቴ «አባትህ ነው የሚቆጣህ» ትለኛለች።