በፖታሲየም ማነስ ምክንያት ጡንቻ በድንገት ሲዝል ምን መደረግ አለበት?

ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ሌሊት ነው። ቀን ኳስ ሲጫወት የዋለ፣ ማታ ሠርግ ቤት ጠግቦ በልቶ ለስላሳውንም ደጋግሞ ጠጥቶ የተኛ አንድ ወጣት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ሲነቃ እግሮቹ አልታዘዝ ይሉታል። ብርድ ልብሱን ሊገፍፍ ይሞክራል፤ ጭኑ ግን ንቅንቅ አይልም። አእምሮው ንቁ ነው፤ ይናገራል፣ ያያል፣ ቆዳውን ሲነኩት ይሰማዋል፤ የከዳው ጉልበቱ ብቻ ነው። ቤተሰቡ «ዱካክ ነው» ሊል ይችላል፤ ዱካክ ግን በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይለቃል፣ ይህኛው ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በላይ ይቆያል።

በጤናማ ሰው ደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም በአብዛኛው ከ3.5 እስከ 5.0 ሚሊሞል በሊትር ነው። ፔሪዮዲክ ፓራሊሲስ (እየተመላለሰ የሚመጣ የጡንቻ መዛል) የሚባለው ይህ ሕመም ሲነሳ መጠኑ ከዚያ በታች ይወርዳል፤ ሆኖም ፖታሲየሙ ከሰውነት አልወጣም፣ ከደም ወደ ጡንቻ ሕዋሳት ገባ እንጂ። ስኳርና ዱቄት የበዛበት ምግብ ሲበላ የሚመነጨው ኢንሱሊን ፖታሲየሙን ወደ ሕዋስ ይገፋዋል፤ ከከባድ እንቅስቃሴ በኋላ የሚደረግ ዕረፍትም እንዲሁ። አንዳንዱ ሰው በዘር በሚተላለፍ የጡንቻ ችግር ምክንያት ለዚህ ይጋለጣል፤ እንዲህ ያለ ወላጅ ችግሩን ለእያንዳንዱ ልጁ የማስተላለፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ሌላው ደግሞ ታይሮይድ የሚባለው የአንገት ዕጢው ከመጠን በላይ በመሥራቱ ይያዛል። በተቅማጥ፣ በትውከት ወይም ሽንት በሚያሸኑ የደም ግፊት መድኃኒቶች የሚመጣው ማነስ ከእነዚህ ይለያል፤ እዚያ ፖታሲየሙ በእርግጥ ከሰውነት ስለወጣ ሕክምናውም ሌላ ነው።

በቅድሚያ አተነፋፈሱንና አዋዋጡን ይመልከቱ። ድምፁ ከሰለለ፣ ማሳል ካቃተው፣ ምራቁ ካነቀው፣ ልቡ ያለ ሥርዓት ከመታ ወይም ራሱን ከሳተ ለአፍታም ሳይዘገዩ አምቡላንስ ይጥሩ፤ በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፣ በአሜሪካ 911፣ በእስራኤል 101፣ በአውሮፓ 112። ድክመቱ በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ፣ አፉ ከተጣመመ ወይም ንግግሩ ከተሳሰረ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ያኔም ፈጥኖ መሄድ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ መዛል በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የገጠመው ሰው ምልክቱ ቀላል ቢመስልም እንኳ ሆስፒታል መታየት አለበት። እስኪደርስ ድረስ ስኳር ያለው ሻይ፣ ጭማቂ ወይም ማር አይስጡት፤ በጎኑ ያስተኙት፣ ብርድ ሕመሙን ስለሚያባብስ ያልብሱት፣ ደግፈውም ቢሆን እንዲራመድ አያስገድዱት።

ሆስፒታል ሲደርሱ የሚሉት ነገር የሕክምናውን መንገድ ሊለውጥ ይችላል። የዛለን ሰው ባየን ቁጥር «ጉልበት እንዲሆነው ግሉኮስ ይሰቀልለት» ማለት ልማዳችን ነው። በዚህ ሕመም ግን ግሉኮስ ኢንሱሊንን ያነሳሳል፣ ኢንሱሊኑም የቀረውን ፖታሲየም ወደ ጡንቻ ስለሚያስገባ በሽተኛው የባሰ ይዝላል። ስለዚህ በትሕትና፣ ግን በግልጽ እንዲህ ይበሉ፦ «ዶክተር፣ ከበላና ከተኛ በኋላ ነው እንዲህ የሆነው፤ ግሉኮስ ከመሰቀሉ በፊት ፖታሲየሙ ቢለካልን።» ደሙ መወሰድ ያለበት ጡንቻው ዝሎ ሳለ ነው፤ ከለቀቀው በኋላ ቢለካ ውጤቱ ጤነኛ ይሆንና ልጁ «ምንም የለበትም፣ ጭንቀት ነው» ተብሎ ወደ ቤት ይመለሳል። በዚህ ምክንያት ለዓመታት ሳይታወቅላቸው የሚንከራተቱ ሰዎች መኖራቸው እጅግ ያሳዝናል። ጠበል ለመሄድ ያሰበ ቤተሰብም አስቀድሞ ደሙን ቢያስመረምር ከእምነቱ የሚጎድልበት ነገር የለም። ከደሙ ጋር የልብ ምርመራው ኢሲጂ ይነሳል፣ የታይሮይድ ምርመራም ይታዘዛል። በሽተኛው መዋጥ እስከቻለ ድረስ ፖታሲየም በአፍ መውሰዱ ይመረጣል፤ በደም ሥር ከተሰጠ በዝግታና የልብ ምቱ እየታየ መሆን አለበት፣ ምክንያቱም ጡንቻው የወሰደውን ሲመልስ መጠኑ ከሚገባው በላይ ሊያሻቅብ ይችላል።

ሕመሙ በሐኪም የተረጋገጠለት ሰው የታዘዘለትን ፖታሲየም ክሎራይድ በቤቱ ማኖር ይገባዋል። ሲነሳበት ሐኪሙ የወሰነለትን መጠን ስኳር በሌለው ውኃ በጥብጦ ይጠጣ፤ ቀስ እያለ የሚሟሟው ኪኒን ለዚህ ሰዓት አይደርስም። ሙዝም መፍትሔ አይሆንም፤ አንድ መካከለኛ ሙዝ 10 ሚሊሞል ያህል ፖታሲየም ብቻ አለው፣ ያውም ከስኳር ጋር። ያልተመረመረ ሰው ግን በግምት ፖታሲየም ፈጽሞ አይውሰድ። ኩላሊቱ የደከመ ወይም እንደ ስፒሮኖላክቶንና ኢናላፕሪል ያለ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ፖታሲየም ሊጠራቀምበትና ልቡ ሊቆም ይችላል፤ ፖታሲየም ሲበዛ የሚነሳ ተመሳሳይ የጡንቻ መዛልም አለ።

እንዳይደጋገም ለማድረግ ደብተር መያዝ ይጠቅማል፦ የተነሳበት ሰዓት፣ የዋለበት ሥራ፣ ያመሸበት ምግብ፣ የለቀቀበት ሰዓት። ሁለት ሦስት ጊዜ ሲጻፍ ምክንያቱ ራሱ ይታያል። እንጀራውን ቀነስ፣ ወጡን ከፍ አድርጎ በትንሽ በትንሹ መብላት፣ ጨው ማሳነስ፣ አልኮል መተው፣ ከስፖርት በኋላም ድንገት ከመቀመጥ ይልቅ ቀስ ብሎ እየተራመዱ ማብረድ ይረዳል። አሴታዞላሚድ የሚባለው መድኃኒት ብዙዎችን ይጠቅማል፤ አንዳንዶችን ግን ሕመሙን ስለሚያባብስባቸው በሐኪም ክትትል ብቻ ይወሰዳል። መነሻው ታይሮይድ የሆነ ሰው ታይሮይዱ በደንብ ሲታከም የጡንቻው መዛል ይቀራል።

ቀዶ ሕክምና የሚጠብቀው ሰው ለማደንዘዣ ባለሙያው ቀደም ብሎ ይንገር፤ ለአስም የሚነፋውን ሳልቡታሞልም ሆነ ስቴሮይድ የሚያዝለት ሐኪም ይህን ማወቅ አለበት። ራሱን ስቶ ወይም መናገር አቅቶት ቢገኝ እንዲነበብለት የሕመሙን ስምና «ግሉኮስ ከመሰቀሉ በፊት ፖታሲየም ይለካ» የሚለውን ቃል በወረቀት ጽፎ ከመታወቂያው ጋር ይያዝ።