ከጎንደር ወጣ ብሎ በሞተር ሳይክል፦ በገጠር መንገድ አቅጣጫ የሚያስቱ ስህተቶች

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ደባርቅ፣ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ መተማ በዋናው አስፋልት የሚጓዝ ባለሞተር መንገድ አይጠፋበትም፤ አስፋልቱን ይዞ መሄድ ብቻ ይበቃዋል። ችግሩ የሚጀምረው ከአስፋልቱ ወርዶ ወደ ደምቢያ፣ ወደ በለሳ፣ ወደ አርማጭሆ ወይም ወደ ጃናሞራ ገጠሮች በሚወስዱት የጠጠርና የአፈር መንገዶች ላይ ሲገባ ነው። በእነዚህ መንገዶች ለሥራ ስመላለስ ራሴ የሠራኋቸውንና ሌሎች ሲሠሯቸው ያየኋቸውን ስህተቶች እነሆ። እንደ ክብደታቸው አልደረደርኳቸውም፤ ሁለተኛው ግን ከሁሉም የከፋ ነው።

የወረዳን ስም እንደ ከተማ ስም መያዝ

ይህ ስህተት የሚፈጸመው ገና ሞተሩ ሳይነሣ ነው። ሰው "ጭልጋ ደርሼ እመጣለሁ" ሲል አብዛኛውን ጊዜ አይከል ማለቱ ነው፤ ጭልጋ ግን ሰፊ ወረዳ በመሆኑ፣ ስሙን በስልክ ካርታ ላይ የጻፈ ሰው ነጥቡ ከከተማው ርቆ በወረዳው መሐል አንድ ገደል ላይ ተተክሎ ሊያገኘው ይችላል። ወገራ ሲባል ከተማው አምባ ጊዮርጊስ፣ ደምቢያ ሲባል ቆላድባ፣ ላይ አርማጭሆ ሲባል ትክል ድንጋይ፣ ታች አርማጭሆ ሲባል ሳንጃ፣ ምዕራብ በለሳ ሲባል አርባያ፣ ጃናሞራ ሲባል መካነ ብርሃን ነው። ይበልጥ የሚያሳስተው መተማ ነው። የወረዳው ዋና ከተማ ገንደ ውሃ ሲሆን ብዙ ሰው አሁንም ሸኸዲ ይለዋል፤ ከሱዳን ድንበር ላይ ያለችው ደግሞ መተማ ዮሐንስ ናት፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከ30 ኪሎ ሜትር ስለማያንስ ቤንዚኑን ለክቶ የወጣ ሰው ልዩነቱን በታንከሩ ያውቀዋል። ቀጠሮ የሰጠውን ሰው "የትኛው መተማ?" ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም።

ያማረውን መንገድ መከተል

መንገድ ለሁለት ሲከፈል ዓይን ሰፋ ወዳለው፣ ጠጠሩ ወደ ታደሰው ይሄዳል። እኔም አንድ ጊዜ ከቆላድባ ወጣ ብዬ እንዲህ ካለ መገንጠያ ደረስሁ። ግራው የከብት ዳና የበዛበት፣ መሐሉ ሣር ያበቀለ አፈር ነበር፤ ቀኙ ግን በግሬደር የተላገ ንጹሕ ጠጠር። ሳልጠይቅና ሳልቆም ወደ ቀኝ ታጠፍሁ። መንገዱ እያማረ ሄደ፤ ቀስ በቀስ ግን የሰው ዘር እያጣሁ መጣሁ፤ ከፊቴ የሚመጣም ሆነ የሚሄድ አህያ የለም፣ በዳር በኩልም ቤት የለም። ያን ጊዜ መመለስ ሲገባኝ "እስካሁን ከመጣሁ ትንሽ ልግፋ" እያልሁ 14 ኪሎ ሜትር ነዳሁ። መጨረሻው የድንጋይ ካባ ነበር። ከካባው አፋፍ ላይ ፍየል የሚጠብቅ ልጅ በትሩን ትከሻው ላይ እንዳጋደመ ተመለከተኝና "ጋሼ፣ ድንጋይ ልትጭን ነው?" አለኝ። ያ ሁሉ ውበት ለገልባጭ መኪና የተሠራ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ልማድ አለኝ። አንደኛው፣ በየመገንጠያው ቆሜ የጉዞ ኪሎ ሜትር መቁጠሪያውን ወደ ዜሮ መመለስ ነው፤ የሞተሩ ጌጅ ዜሮ የማይደረግ ከሆነ የቆምሁበትን ቁጥር በእስክሪብቶ በእጄ ጀርባ ላይ እጽፋለሁ። ሁለተኛው፣ ከመገንጠያው በኋላ 5 ኪሎ ሜትር ሄጄ ወደምሄድበት እንደሚያደርስ የሚያረጋግጥልኝ ነገር፣ ማለትም የምጠብቀው ወንዝ፣ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ወይም "አዎ፣ ከዚያ ነው የመጣሁ" የሚል መንገደኛ ካላገኘሁ፣ ያለ ክርክር መመለስ ነው። መገንጠያ መሳት የሁሉም ሰው ዕጣ ነው፤ ቀኑን የሚበላው ግን የተሳተውን መገንጠያ ላለማመን የሚነዳው ኪሎ ሜትር ነው። በአነስተኛ ሞተር ላይ ደግሞ፣ ቤንዚን በሃይላንድ ይዞ ካልወጡ በስተቀር፣ ትርፉ ሬዘርቭ (የታንከሩ መጠባበቂያ ቤንዚን) ላይ መድረስ ነው።

መልሱን በጥያቄው ውስጥ አስገብቶ መጠየቅ

"ይህ መንገድ ወደ አርባያ ነው አይደል?" ተብሎ የተጠየቀ የአገሬ ገበሬ እንግዳ ላለማሳፈር "አዎን" ይላል። ዋሽቷል ማለት አይቻልም፤ መንገዱ ዞሮ ዞሮ ያደርስ ይሆናል። ስለዚህ ጥያቄው "ይህ መንገድ የት ያደርሳል?" መሆን አለበት፤ የሚሄዱበትን ቦታ ስም ራሱ ተጠያቂው ካነሣው ብቻ ይታመናል። ከጥያቄው በፊት ሞተሩን ማጥፋት፣ ሄልሜቱን ማውለቅና "እንደምን ዋላችሁ" ማለት ከጨዋነት በላይ ጥቅም አለው፤ ሞተሩን እያንጓጓ ከላዩ ላይ ሆኖ የሚጮህ ሰው የሚያገኘው የእጅ ምልክት ብቻ ነው፤ እጅ ደግሞ ማዶ ያለውን ሁሉ ያሳያል።

"ቅርብ ነው" የሚለው መልስ በእግረኛ ልክ የተሰፋ ነው። እግረኛው ወንዙን በአቋራጭ ወርዶ ይወጣል፤ ሞተሩ ግን ጥምዝምዙን ይዞራል። ስለዚህ ርቀቱን ከመጠየቅ ይልቅ "ሞተር ይሄድበታል ወይ?" ብሎ መጠየቅ ይሻላል፤ ይህን በትክክል የሚመልሱት ደግሞ የአይሱዙ ሾፌሮች ናቸው። "ላይ" እና "ታች" የሚሉትም ቃላት የመሬቱን አቀበትና ቁልቁለት እንጂ ሰሜንና ደቡብን አያመለክቱም። ቤተ ክርስቲያንን ምልክት አድርጎ መያዝ መልካም ነው፤ በሩቅ የሚታየው ጥቅጥቅ ያለ የጽድና የወይራ ደን እርሱ ነውና፤ ነገር ግን "ሚካኤልን አልፈህ" ሲባሉ "የየት ሚካኤል?" ብሎ ካልጠየቁ በአንድ ቀን ሦስት ሚካኤል ማለፍ ይቻላል። በገበያ ቀን ግን ብዙ መጠየቅም አያስፈልግም፦ ጠዋት ሸክም የያዘው ሰው ሁሉ ወደ ከተማዋ ይፈስሳል፣ ከሰዓት በኋላ ከከተማዋ ይወጣል።

ስልክን ያለ ቦታው ማመንና ያለ ቦታው መጠርጠር

ብዙ ሰው ኔትወርክ ሲጠፋ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ይከታል። ስልኩ ያለበትን ቦታ የሚያውቀው ከሳተላይት በሚቀበለው ምልክት ነው፤ ለዚህ ኔትወርክም ዳታም አያስፈልገውም። የሚጠፋው ካርታው ነው፤ ስለዚህ ካርታውን ጎንደር ላይ ሳሉ አውርዶ ማስቀመጥ ይገባል። በተቃራኒው ስልኩ በቀጭን መስመር የሚያሳየው ሁሉ መንገድ ነው ብሎ ማመን ሌላው ስህተት ነው፤ ከመስመሮቹ ብዙዎቹ የእግር መንገድና የደረቀ የወንዝ ሸለቆ ናቸው።

በድሮው የካርታ ሥራዎች ድርጅት የታተመውን 1፡50,000 ወረቀት የሚጠቀሙ ሰዎችም አንድ ነገር ይወቁ። በዚያ ካርታ ላይ 2 ሳንቲ ሜትር 1 ኪሎ ሜትር ነው፤ የቦታ መጠቆሚያ ቁጥሮቹ ግን አዲንዳን በሚባለው የልኬት መነሻ የተሠሩ ስለሆኑ፣ እንዳሉ ወደ ስልክ ቢገቡ ነጥቡን ወደ 200 ሜትር ያህል ያዛንፉታል። ሜዳ ላይ ይህ ምንም አይደለም፤ በጃናሞራ ገደል አፋፍ ላይ ግን 200 ሜትር ማለት ሌላ ሸለቆ ማለት ነው።

ቀትር ላይ በፀሐይ መመራት

"ቀትር ላይ ፀሐይ በደቡብ ናት" የሚለው ትምህርት ለአውሮፓ ሰው የተጻፈ ነው። ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ12 ዲግሪ ተኩል በጥቂት በልጣ ትገኛለች፤ ስለዚህ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች። በግንቦት እኩለ ቀን ፀሐይን በጀርባው አድርጎ ወደ ሰሜን እየሄድሁ ነው የሚል ሰው ወደ ደቡብ እየሄደ ነው። ፀሐይ የምትታመነው ጠዋትና ማታ ነው።

የበጋውን መንገድ በክረምት መሄድ

የደምቢያ ሜዳ ጥቁር መረሬ ነው። በየካቲት እንደ አስፋልት የተነዳበት በሐምሌ ጭቃው ከጎማውና ከፓራፋንጎው መካከል ተጠቅጥቆ ጎማውን ያስረዋል። የመገጭም ሆነ የድርማ ወንዝ ሲሞላ መሻገሪያ የነበረው ቦታ ይጠፋል፤ ክረምት ላይ ድልድይ የሌለበትን መስመር ከዕቅድ ማውጣት ነው።

የስልኩን ሰዓት ሳይለውጡ ማንበብ

ስልኩ 6፡40 ትደርሳለህ ሲል ከቀትር በኋላ ከሆነ በእኛ አቆጣጠር 12፡40 ማለቱ ነው። በሰኔ በዚያ ሰዓት ገና ፀሐይ አለች፤ በታኅሣሥ ግን ጀምበር የምትጠልቀው ከ12 ሰዓት ጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ነው፤ ድንግዝግዙም ግማሽ ሰዓት አይሞላም። የብዙዎቹ ትንንሽ አሮጌ ሞተሮች የፊት መብራት ደግሞ የሚደምቀው ሞተሩ ሲጮህ ብቻ ስለሆነ፣ በጨለማ መገንጠያ ላይ ቀዝቀዝ ብለው መንገድ ሊመርጡ ሲሞክሩ መብራቱም አብሮ ይደክማል።