አዲስ ኮንክሪትን ከአሮጌው ጋር በፖሊመር እንዴት ማጣበቅ ይቻላል?

በደብረ ብርሃን የተሰነጠቀ ሊሾ ወይም የተቆረሰ የደረጃ ጠርዝ ያስጠገነ ሰው፣ ጥገናው ዓመት ሳይሞላው እንደ ቅርፊት ተላጦ ሊያገኘው ይችላል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የሲሚንቶ ማነስ አይደለም፤ ደረቁ አሮጌ ኮንክሪት የአዲሱን ውሃ ስለሚመጥ መገናኛው ላይ ያለው ሲሚንቶ በቅጡ ሳይጠነክር ይቀራል፣ አዲሱም ሲደርቅ ስለሚኮማተር ከሥሩ ይላቀቃል። ወተት የሚመስለው ፈሳሽ ፖሊመር፣ ማለትም ላቴክስ፣ ውሃውን ይዞ ያቆያል፤ ሲደርቅም ጥቃቅን ቅንጣቶቹ ተያይዘው በሲሚንቶው ውስጥ እንደ ላስቲክ የሚለመጥ ስስ መረብ ይሠራሉ።

ላቴክሱን ሲገዙ ኤስ.ቢ.አር. (SBR፣ የሰው ሠራሽ ጎማ ዓይነት) ወይም አክሪሊክ መሆኑን ከዕቃው ላይ ያንብቡ። የእንጨት ኮላ የሚሠራበት ፒ.ቪ.ኤ. እርጥበት ሲያገኘው መልሶ ስለሚለሰልስ፣ ዝናብ ለሚመታው በረንዳና ለመታጠቢያ ቤት አይሆንም።

ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው የአሮጌው ገጽ ዝግጅት ነው፤ በቆሻሻ ላይ የተቀባ ላቴክስ የሚይዘው ቆሻሻውን ብቻ ነውና። የላላውንና ዱቄት የሚያወጣውን ክፍል ጠጠሩ እስኪታይ በመሮና በመዶሻ ይፈንቅሉ፣ በሽቦ ብሩሽ ይፈግፍጉ፣ ዘይትና ቀለም ካለ አስለቅቀው ይጠቡት። ለጥቂት ሰዓታት እርጥብ አድርገው ካቆዩት በኋላ የቆመውን ውሃ በስፖንጅ ያንሱ፤ ገጹ ውሃ የጠገበ እንጂ የሚያብለጨልጭ መሆን የለበትም።

ከዚያም አንድ እጅ ላቴክስና አንድ እጅ ንጹሕ ውሃ ቀላቅለው፣ ወፈር ያለ አጥሚት እስኪመስል ሲሚንቶ ይጨምሩበት፤ አምራቹ ሌላ መጠን ከጻፈ የእርሱን ይከተሉ። ይህን ቦያካ በጠንካራ ብሩሽ ወደ ቀዳዳዎቹ እያሹ ይቀቡና ሳይደርቅ አዲሱን ኮንክሪት ወዲያውኑ ያልብሱት። የደረቀ ቦያካ ካለመቀባትም ይብሳል፤ ሁለቱን የሚያለያይ ሽፋን ይሆናልና ፍቆ እንደገና መቀባት ግድ ነው። የደጋው ነፋስ ፈጥኖ ስለሚያደርቀው፣ በአንድ ጊዜ ወዲያው ሊያለብሱት የሚችሉትን ያህል ብቻ ይቀቡ።

ሙቀቱ ከ5 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲሆን መረቡ በሚገባ አይሠራም። ስለዚህ ውርጭ በሚጥልባቸው ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ረፋድ 3 ሰዓት ገደማ ጀምረው እስከ 8 ሰዓት ይጨርሱ፤ ማታም በፕላስቲክና በጆንያ ይሸፍኑት። ተራ ኮንክሪት ቢያንስ 7 ቀን ውሃ ይጠጣል፤ ላቴክስ በራሱ በድብልቁ ውስጥ የገባበት ኮንክሪት ግን ከ1 እስከ 2 ቀን በእርጥበት ከቆየ በኋላ ተገልጦ በአየር መድረቅ አለበት።