ውጭ ሆነን ለጎርፍ ተጎጂዎች ስናዋጣ የምንሠራቸው ስህተቶች

ክረምት ሲገባ ስልኬ ያስፈራኛል። ሐምሌ ወይ ነሐሴ ላይ አንድ ሰው ቪዲዮ ይልካል። ቡናማ ውኃ፣ ጫፉ ብቻ የቀረ ጣሪያ፣ ጩኸት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ "ኧረ አንድ ነገር እናድርግ" የሚል መልእክት ይከተላል። በማግስቱ የዋትስአፕ ግሩፕ ተከፍቷል፣ ኮሚቴ ተመርጧል፣ የአንዱ የዜል (አሜሪካ ውስጥ በስልክ ብር መላላኪያ) ቁጥር ተለጥፏል። ዋሽንግተን አካባቢ እንዲህ ዓይነት ሦስት ኮሚቴ ውስጥ ሠርቻለሁ። ከታች ያሉትን ስህተቶች አብዛኞቹን የሠራነው እኛው ነን።

ተቀባዩ ሳይታወቅ መሰብሰብ

ትልቁ ይኼ ነው። "መጀመሪያ ብሩ ይግባ፣ አሰጣጡን በኋላ እናየዋለን" እንላለን። ብሩ ይገባል። ክርክሩ የሚጀመረው ከዚያ ነው። ለቀይ መስቀል ይሰጥ? ለወረዳው? ለቤተ ክርስቲያኑ? ወይስ ሰው ልከን በእጅ እናድል? የመጀመሪያው ኮሚቴያችን በዚህ አራት ወር ፈጀ። አንድ ሙሉ ስብሰባ ያለቀው በደብዳቤው ላይ የማን ስም ይቅደም በሚል ነው። አገር ቤት ያሉት ሰዎች እስከዚያ ዘመድ ቤት ተጠግተዋል፤ የተረፈቻቸውን ላምም ሸጠዋል።

ቁጥር ከመለጠፋችሁ በፊት ሁለት ቀን ስልክ ላይ አሳልፉ። ብሩ በማን ስም ወደተከፈተ ሒሳብ ይገባል? ማን ማን ይፈርማል? ምን ይገዛበታል? ደረሰኙን ማን ይልካል? ከአንድ ሰው ብቻ አትስሙ፤ የማይዛመዱ ሁለት ሰዎች ጠይቁ። የሰፈሩ እድር ካለ እሱን አትለፉት። የእድር ጸሐፊ የማን ቤት እንደፈረሰ፣ የማን ቤት ደግሞ ከጎርፉ በፊትም ፈርሶ እንደነበር ያውቃል። እኛ ከዚህ ሆነን ይኼን የምናውቅበት መንገድ የለንም።

ጎርፍ ሁሉ አንድ ነው ማለት

በ1998 ሐምሌ መጨረሻ፣ ድሬዳዋ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ የሆነው ደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። መጥቶ ሄደ። በቀጣዩ ሳምንት ኦሞ ወንዝ ዳሰነች ላይ ሞልቶ ከ300 በላይ ሰው ጨረሰ። እዚያ ደግሞ ውኃው አልሄደም፤ ሰውና ከብት በውኃ ተከበው ቀሩ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህም ዳሰነች ላይ ኦሞም የቱርካና ሐይቅም ከፍ እያሉ መንደሩን ይዘው ከርመዋል። ለድሬዳዋ በማግስቱ ብርድ ልብስና ምግብ ማድረስ ልክ ነው። ለዳሰነች ግን ጀልባ፣ አጎበርና የከብት መኖ ካልታሰበ የአንድ ሳምንት ዱቄት ብዙም አያራምድ።

ጣና ዳር፣ ፎገራ፣ ሌላ ታሪክ ነው። ርብና ጉማራ ወንዞች ሞልተው ሩዙን ሲያጠፉ ገበሬው ውኃው እስኪሸሽ ይጠብቃል። ከዚያ በቀረው እርጥበት ሽምብራ ወይም ጓያ ይዘራል። ገንዘባችሁ መስከረም ላይ ከደረሰ ዘር ይሆናል። ታኅሣሥ ላይ ከደረሰ የዘሩ ጊዜ አልፏል።

በ2016 ሐምሌ 15 ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰውን ታስታውሳላችሁ። ዝናቡ ተራራውን አንሸራተተው። የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡትን ደግሞ ሁለተኛው ናዳ ቀበራቸው። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ለመርዳት የሄዱ ጉልበት ያላቸው ሰዎች ነበሩ፤ ቤት የሚያስተዳድሩ ማለት ነው። እንዲህ ላለው የአንድ ወር ስንቅ አይበቃም፤ የልጆቹ ትምህርት ለዓመታት መታሰብ አለበት። ስለዚህ የተሰበሰበውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አትላኩ። ሲሶው ወዲያው ይሂድ፤ ሌላው ይቆይ።

አሮጌ ልብስ

ይኼን በአጭሩ። ጋራዤ ውስጥ ወደ አርባ የሚጠጋ የቆሻሻ ከረጢት ልብስ ተከምሮ ነበር። አንዱን ስፈታ አንድ እግር ተረከዘ ረጅም ጫማና የሰርግ ቬሎ ወጣ። በረዶ ላይ መንሸራተቻ ጃኬትም ነበረ። የመርከቡ ዋጋ ሲሰላ በዚያ ብር እዚያው ገበያ አዲስ ብርድ ልብስ ይገዛል። ጉምሩኩን ሳንጨምር። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ታነሣብኛለች። መድኃኒትም ከቤት ቁምሳጥን አትሰብስቡ፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የሚሰጥ መድኃኒት ተቀባዩ አገር ሲደርስ ቢያንስ የአንድ ዓመት ዕድሜ እንዲቀረው ይጠይቃል።

በአንድ ሰው ሒሳብ ማስገባት

ሰውዬው ሌባ ነው እያልኩ አይደለም። የእኛ ሒሳብ ያዥ የታመነች ነርስ ነበረች። በሦስት ቀን ከመቶ በላይ ሰው ዜል ሲያደርግላት ባንኳ ተጠራጥሮ ሒሳቧን ዘጋው። የቤት ኪራይዋ ሳይቀር አብሮ ታገደ። ለአምስት ሳምንት ስትመላለስ እኛ ግሩፑ ላይ "ብሩ የት ደረሰ?" እየተባልን ነበር። እሷ ከዚያ ወዲህ ኮሚቴ የሚባል ነገር አትሰማም።

ሁለት ፈራሚ ያለው የማኅበር ሒሳብ ይሻላል። አሜሪካ ውስጥ 501 ሲ 3 (ከግብር ነፃ የሆነ የበጎ አድራጎት) ፈቃድ ያለው ማኅበር ወይም ቤተ እምነት አጠገባችሁ ካለ በእሱ በኩል አድርጉት፤ ሰጪው ከግብር ሊቀነስለት ይችላል። ለግለሰብ የተሰጠ አይቀነስም። እንግሊዝ ያላችሁ ደግሞ በተመዘገበ የበጎ አድራጎት ድርጅት በኩል ካደረጋችሁት፣ ግብር ከፋይ የሆነ ሰው በሰጠው በእያንዳንዱ ፓውንድ ላይ መንግሥት 25 ፔንስ ይጨምራል። ይኼን የሚጠቀም የሀበሻ ማኅበር ግን ብዙ አላየሁም።

ጎ ፈንድ ሚ (በኢንተርኔት መዋጮ መሰብሰቢያው) ቀላል ነው፤ ግን ብሩን በቀጥታ ኢትዮጵያ ባንክ አያስገባም። ብሩን የሚቀበለው ሰው ጎ ፈንድ ሚ በሚሠራባቸው አገሮች ያለ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ማን እንደሚያወጣው ገጹ ላይ በግልጽ ጻፉ። አሜሪካ ላይ ከእያንዳንዱ ስጦታ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ይቆርጣል። አምስት ዶላር የሰጠ ሰው 45 ሳንቲም ገደማ ሄደበት ማለት ነው። ለትንንሽ ስጦታ ከቅዳሴ በኋላ የሚዞር ሣጥን ያዋጣል።

ገልፍ ላሉት እህቶቻችን ግን ሌላ ነው፤ እባካችሁ ተጠንቀቁ። ኤምሬትስም ሳዑዲም ያለ ፈቃድ መዋጮ መሰብሰብ ወንጀል ነው። ኤምሬትስ በ2021 ባወጣችው ሕግ እስርና ከባድ የገንዘብ ቅጣት አለው። ዱባይ ያለች ልጅ ግሩፕ ላይ "በእኔ ቁጥር ላኩ" ብላ መጻፏ ብቻ ጣጣ ሊያመጣባት ይችላል። ለቤተሰቧ በግሏ ብትልክ ይሻላታል።

ቃልን እንደ ገንዘብ መቁጠር

የአዳራሽ ፕሮግራማችን ላይ ድፎ ዳቦ ለጨረታ ቀረበ። በሃምሳ ዶላር ተጀመረ፤ 900 ገባ። ያሸነፈው ሰው "መልሼ ሰጥቻለሁ" አለ፤ እልልታ፣ ጭብጨባ፣ እንደገና ተሸጠ። መድረክ መሪው ድምሩን ጮክ ብሎ አነበበ፤ እኛም በማግሥቱ ያንኑ ድምር አገር ቤት ደውለን ነገርን። እዚያ ያሉት በዚያ ልክ ቆርቆሮ አዘዙ። ከቃሉ ሲሶው እስካሁን አልገባም። ነጋዴው ግን ቆርቆሮውን አራግፏል፤ ልዩነቱን ኮሚቴው ከኪሱ ሸፈነ። ሒሳብ ውስጥ ያልታየ ብር አትንገሩ። ቃል ለመቀበል ደግሞ ስልክ ቁጥርና የመክፈያ ቀን አስጽፉ፤ ዳቦው ከመቆረሱ በፊት።

ምንዛሪውን መርሳት

ጎፋ ላይ አደጋው የደረሰው ሐምሌ 15 ነው። ልክ በሳምንቱ፣ ሐምሌ 22፣ ብር በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። 57 አካባቢ የነበረው ዶላር በወር ውስጥ ከ100 አለፈ። በዚያ ሰሞን "ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ይኼን ያህል ብር" ብሎ ቃል የገባ ኮሚቴ ሒሳቡ ሁሉ ተዛባበት፤ የዕቃውም ዋጋ እንዲሁ። ቃላችሁን በብር አትግቡ፣ በዕቃ ግቡ። ሃያ ቆርቆሮ፣ አንድ ኩንታል በቆሎ። ጥቁር ገበያ የተሻለ ይሰጣል የሚል ሁልጊዜ አይጠፋም። ያ ሰው ግን ደረሰኝ አይሰጥም፤ ያለ ደረሰኝ ደግሞ ምን ብላችሁ ሪፖርት ታቀርባላችሁ?

የሬሳ ፎቶ

አትለጥፉ። የሟች እናት ልጇን የምታየው በእናንተ ማስታወቂያ ላይ መሆን የለበትም። ከሌላ አገር ጎርፍ የተወሰደ ፎቶም ቶሎ ይነቃበታል፤ ከዚያ በኋላ ማን ያምናችኋል?

ከላኩ በኋላ ዝም ማለት

ብሩ ሲሄድ ግሩፑ ይሞታል። በቀጣዩ ክረምት ሌላ ጎርፍ ይመጣና "ያለፈው የት ደረሰ?" ይባላል። ማንም ሳይሰርቅ ሁሉም ይታማል።

ሦስተኛው ኮሚቴ ላይ ግን ተምረን ነበር። የእድሩ ጸሐፊ ዝርዝሩን በእጁ ጽፎ በቴሌግራም ላከልን። ስም፣ የተቀበሉት ዕቃ፣ ፊርማ። ግሩፑ ላይ የለጠፍነው ስሞቹን ሸፍነን ነው። አንዲት እናት በፊርማ ፋንታ አውራ ጣታቸውን አትመዋል፤ ከጎኑ "ቆርቆሮ 20፣ የጣሪያ ምስማር 2 ኪሎ" ይላል። ያን ማታ አንድ ታክሲ የሚነዱ ጋሼ ደወሉልኝ። ባለፈው መዋጮ አኩርፈው ሳይከፍሉ የቀሩ ሰው ናቸው።

"ስማ እንጂ" አሉኝ፣ "ለሃያ ቆርቆሮ ሁለት ኪሎ ምስማር ይበቃል እንዴ?"